ሰንፔር ከመግዛታችን በፊት ልንጠይቃቸው የሚገቡ 3 ጥያቄዎች

የዛሬው ጽሑፍ የተነሳው ከአንድ ሽምግልና ነው። አንድ ወርቅ ሠሪና አንድ ቤተሰብ ተካሰው ለማስማማት ከተጠሩት ሰዎች መካከል የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ አንዱ ነበር። የጠቡ መነሻ ቀለበት ነው። ወጣቱ ለኒካህ ቀን ቆርጧል። ለመህር ከተስማሙባቸው ነገሮች ዋነኛው ባለ ሰማያዊ ሰንፔር የወርቅ ቀለበት ሲሆን፣ እሱንም በአንድ የዓረብ አገር የሚሠራው ታላቅ ወንድሙ ገዝቶ ልኮለታል። ቀለበቱ ለሙሽሪት ጣት ስለሰፋ እንዲጠብ ወደ ሰፈሩ ወርቅ ሠሪ ተወሰደ። አዛውንቱ ወርቅ ሠሪ ቀለበቱን ቆርጠው፣ አጥብበው፣ በጋዝ ነበልባል በየዱት። ድንጋዩን ግን አላወጡትም፤ ሰንፔር እሳት እንደሚችል ከአባታቸው ጀምሮ ሲሰሙ ኖረዋልና። ነበልባሉ ሲነሳ ያ ጥርት ያለ ሰማያዊ ድንጋይ ደፍርሶ፣ ውስጡ ተሰነጣጥቆ፣ ገጹ ላይም የቀለጠ ጠብታ የሚመስል ነገር ወጥቶበት ተገኘ።

«አባባ፣ ድንጋዬን ለውጠውብኛል» አለ ወጣቱ። «ልጄ፣ ወላሂ የሰጠኸኝ ይኸው ነው» አሉ አዛውንቱ። በቦታው የነበርነው ሰዎች ከሁለቱ አንዱ ይዋሻል ብለን ገመትን። ድንጋዩ ግን በከበሩ ማዕድናት ሥራ በቆየ ሰው እጅ ገብቶ በማጉያ መነጽር ሲታይ ሁለቱም እውነተኞች ሆነው ተገኙ። ድንጋዩ ሰንፔር ነው፤ ነገር ግን በስንጥቅ የተሞላና ዋጋ የሌለው ሰንፔር ነበር። ራቅ ባለ አገር አንድ ሰው ስንጥቆቹን ሰማያዊ ቀለም በተሰጠው የእርሳስ ብርጭቆ ሞልቶ፣ ጥርት ያለ አስመስሎ ለገበያ አቅርቦታል። ብርጭቆው እሳት ሲነካው ቀለጠ። ታላቅ ወንድሙ ሲገዛ ይህን አልጠየቀም፤ ሻጩም አልነገረውም።

በዚያ ሽምግልና ላይ ሁላችንም «ሰንፔር» የሚለውን ስም ብቻ ይዘን ስንከራከር ነበር የዋልነው። ስሙ ግን የድንጋዩን ዋጋ አይወስንም። ዋጋውን የሚወስኑት የሦስት ጥያቄዎች መልሶች ናቸው፦ በእርግጥ ሰንፔር ነው ወይ? ከመሬት የወጣ ነው ወይስ በምድጃ የተሠራ? ከወጣስ በኋላ ምን ተደርጎበታል? ሦስቱም የተለያየ መልስና የተለያየ መመርመሪያ አላቸው።

ስለ ምንነቱ

ዓረቦች ያቁት የሚሉት ድንጋይ በአንድ ቀለም ብቻ የሚወሰን አይደለም። ቀይ ያቁት፣ ሰማያዊ ያቁት፣ ቢጫ ያቁት ይሉታል። በሱረቱ አር-ራሕማን ቁጥር 58 ላይ ለጀነት ሴቶች ማመሳሰያ ሆኖ የተጠቀሰውም ያቁት ነው። የዛሬው ሳይንስ ይህን የጥንት አጠራር ደግፎታል፤ ቀዩም ሰማያዊውም አንድ ማዕድን ናቸውና። ማዕድኑ ኮረንደም ይባላል፤ አሉሚኒየምና ኦክስጅን ተዋህደው የፈጠሩት ነው። ንጹሕ ሲሆን ቀለም የለውም። ጥቂት ክሮሚየም ሲገባበት ቀይ ይሆናል፤ እሱም ሩቢ ነው። ብረትና ታይታኒየም አብረው ሲገቡበት ሰማያዊ ይሆናል፤ እሱም ሰንፔር ነው። ቢጫው፣ አረንጓዴውና ሐምራዊውም በየቀለማቸው ሰንፔር ይባላሉ።

ይህን ድንጋይ ከሚመስሉት ለመለየት ከማንም ቀድመው ሥርዓት ካበጁት ሊቃውንት አንዱ በ973 የተወለደው አቡ ረይሃን አል-ቢሩኒ ነው (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዘመናት በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ቢሩኒ ስለ ከበሩ ድንጋዮች መጽሐፍ ጽፏል። ድንጋይ ውኃ ውስጥ ሲገባ የሚያፈሰውን ውኃ እየመዘነ፣ ተመሳሳይ መጠን ያላቸው ድንጋዮች ክብደታቸው ምን ያህል እንደሚለያይ መዝግቧል። ለማነጻጸሪያ 100 ብሎ መነሻ ያደረገውም ሰማያዊውን ያቁት ነው። ዘዴው ዛሬም ይሠራል። ሰንፔር ከእኩል መጠን ውኃ 4 እጥፍ ይከብዳል። ተራ ብርጭቆ ወደ 2 ተኩል እጥፍ፣ ከታንዛኒያ ብቻ የሚወጣው ታንዛናይት ወደ 3 ከ35፣ ስፒኔል የሚባለው ደግሞ 3 ከ6 ገደማ ነው። ቀለበት ላይ ያልታሰረ ድንጋይና ጥሩ ሚዛን ያለው ወርቅ ሠሪ ይህን በጥቂት ደቂቃ ሊለካ ይችላል። በመሆኑም የመጀመሪያው ጥያቄ ከሦስቱ ቀላሉ ነው።

በገበያ የሚዘወተረው ግን ሌላ ፈተና ነው። ሻጩ ድንጋዩን አንስቶ ብርጭቆ ላይ ይጭረዋል፤ ብርጭቆው ሲሰነተር «ይኸው! አየህ?» ይላል። ይህ ፈተና ድንጋዩ ከብርጭቆ እንደሚጠነክር ብቻ እንጂ ሌላ የሚነግረን ነገር የለም። ተራ ኳርትዝም ብርጭቆ ይጭራል። በምድጃ የተሠራው ሰንፔርም ይጭራል።

ከመሬት ወይስ ከምድጃ?

የቢሩኒ ሚዛን የማይመልሰው ጥያቄ በ1902 መጣ። በዚያ ዓመት ቬርኔይ የተባለ ፈረንሳዊ የኬሚስትሪ ምሁር የአሉሚኒየም ኦክሳይድ ዱቄት በነበልባል ውስጥ እያለፈ እንዲቀልጥና ጠብታ በጠብታ እንዲከመር በማድረግ ሩቢ መሥራቱን ይፋ አደረገ። ጥቂት ዓመታት ቆይቶ ሰማያዊው ሰንፔርም በዚሁ መንገድ ተሠራ። ልብ በሉ! ይህ ብርጭቆ አይደለም። ማዕድኑ ያው ነው፤ ጥንካሬው ያው ነው፤ ክብደቱም ያው 4 እጥፍ ነው። ልዩነቱ አንዱ በመሬት ሆድ ውስጥ ሚሊዮኖች ዓመታት ሲቆይ፣ ሌላው በጥቂት ሰዓታት ምድጃ ላይ መሠራቱ ነው። እናም አንዱ ብርቅ ሲሆን ሌላው በፋብሪካ በብዛት ይመረታል። ብዙዎቻችን ሳናውቀው ይህንኑ በእጃችን አስረነዋል፤ መስታወቱ ላይ «ሳፋየር» የሚል ጽሑፍ ያለበት የእጅ ሰዓት ክዳኑ ቀለም ያልተጨመረበት የፋብሪካ ሰንፔር ነው።

የፋብሪካ ሰንፔር መግዛት ነውር የለውም። ነውሩ የፋብሪካውን በተፈጥሮው ዋጋ መሸጥ ነው። እንዴት ይለያል? 10 ጊዜ በሚያጎላ መነጽር ሲታይ የተፈጥሮው ድንጋይ ቀለም በቀጥታ መስመሮችና በማዕዘን ተሰድሮ ይታያል። በነበልባል የተሠራው ግን የሸክላ ማጫወቻ ሸክላ ላይ እንዳለው ዓይነት የታጠፉ መስመሮች፣ አንዳንዴም የአየር አረፋዎች ይኖሩበታል። በተፈጥሮው ውስጥ ብዙ ጊዜ እንደ ሐር ክር የቀጠኑ መርፌ መሰል ነገሮች ይታያሉ፤ የዘርፉ ሰዎችም «ሐር» ይሉታል። እንግዲህ ትልቅ፣ በጣም ሰማያዊ፣ ነቁጥ የማይታይበትና ደግሞ ርካሽ የሆነ ድንጋይ ሲገጥመን ከመደሰት ይልቅ መጠርጠር ይገባናል። ጉድለት የተፈጥሮ ምስክር የሚሆንበት ገበያ ይህ አንዱ ነው።

ምን ተደርጎበታል?

ከባዱ ጥያቄ ይህ ሦስተኛው ነው። ያንን ቤተሰብ የጎዳውም ይኸው ነው።

በገበያ ላይ ከሚገኘው ሰንፔር አብዛኛው በእሳት ያለፈ ነው። በስሪላንካ ጊዩዳ የሚባል ወተት የመሰለ ደብዛዛ ድንጋይ በብዛት ይገኝ ነበር፤ ፈላጊ ግን አልነበረውም። በ1970ዎቹ የታይላንድ ነጋዴዎች ይህንኑ በርካሽ እየገዙ ከ1,500 ዲግሪ በላይ በሆነ ሙቀት ሲያግሉት ያ «ሐር» ውስጡ ሟሙቶ ድንጋዩ ጥርት ያለ ሰማያዊ ሆኖ ወጣ። ይህ ለውጥ ቋሚ ነው፤ አይመለስም፣ አይለቅም። ስለዚህም የዓለም ገበያ ከተነገረ ድረስ ተቀብሎታል። ይሁን እንጂ እሳት ያልነካው ጥሩ ድንጋይ ከነካው በእጅጉ ይወደዳል። ስለዚህ እሳት የነካውን «ያልነካው» ብሎ መሸጥ የዋጋ ስርቆት ነው።

ከዚህ የሚብሰው ከውጭ ቀለም የሚሰጠው ነው። ፈዛዛው ድንጋይ በታይታኒየም ተሸፍኖ ሲግል ሰማያዊው ቀለም እንደ ቆዳ በላዩ ላይ ብቻ ይሰርጻል። ድንጋዩ ተቧጭሮ እንደገና ቢሞረድ የተሞረደው ቦታ ነጭ ሆኖ ይቀራል። በ2001 እና በ2002 ደግሞ ቤሪሊየም የተባለ ንጥረ ነገር ጠልቆ የሚሰርጽበት ዘዴ በገበያ ላይ ተገኘና ታላላቆቹን ነጋዴዎች ሳይቀር አስደነገጠ፤ በማጉያ መነጽር አይለይምና። ይህን በእርግጠኝነት የሚለየው ረቂቅ መሣሪያ ያለው ላቦራቶሪ ብቻ ነው። ወርቅ ሠሪያችንን «አንተ እየው» ብለን ብንሰጠው ከአቅሙ በላይ የሆነ ነገር መጠየቃችን ነው።

መጨረሻው ብርጭቆ የተሞላው ነው። ይህ በቀዩ ያቁት ላይ የጀመረው በ2004 ገደማ ሲሆን፣ በሰማያዊው ላይ በ2012 ገደማ ታየ። እንደ ወንፊት የተሰነጠቀ፣ አልፎ አልፎም ለሞረድ ዱቄት ካልሆነ የማይፈለግ ድንጋይ በኮባልት ቀለም በተሰጠው የእርሳስ ብርጭቆ ይሞላል። እሳት ይፈታዋል፤ የሎሚ ጭማቂ እንኳ ውሎ ቢያድርበት ብርጭቆውን ይበላዋል። እንዲህ ያለውን ቀለበት ያደረገች እናት ሰላጣ ላይ ሎሚ ስትጨምቅ ድንጋይዋን እያበላሸች ነው ማለት ነው። በማጉያ መነጽር ሲታይ በስንጥቆቹ ውስጥ ሰማያዊ ብልጭታና አረፋ አለው፤ ስለዚህ ሠለጠነ ዓይን ያለው ሰው ሊለየው ይችላል። ወርቅ ሠሪዎቻችንም ሰንፔር እሳት ይችላል የሚለውን የአባቶች አባባል መተው ይኖርባቸዋል። ድንጋዩ ንጹሕ ቢሆን እንኳ ውስጡ ስንጥቅ ካለው ሊፈነዳ ይችላልና ከመበየድ በፊት ማውጣት ይሻላል።

በእጃችን ሳለ የምናየው

ላቦራቶሪ ሳንደርስ በዓይናችን የምናውቀውም ብዙ ነው። የሱቅ መብራት ሰማያዊን ለማድመቅ ተመርጦ የተሰቀለ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ድንጋዩን ወደ በር ይዘን እንውጣ፤ በጥላ ውስጥ በቀን ብርሃን፣ ከዚያም በቤት አምፖል እንየው። በአምፖል ጥቁር የሚሆን ሰንፔር ብዙ ነው። ሙሽራ ደግሞ ቀለበቷን የምታደርገው ይበልጡን በማታ ነው። ከጥቁረቱ ይልቅ ከፈዛዛነቱም ይልቅ መካከለኛ ሆኖ ሕያው የሆነው ቀለም ይመረጣል።

ሌላው ቀላል ፈተና ይህን በእጃችሁ ያለውን ጋዜጣ ይጠቀማል። ቀለበት ላይ ያልታሰረውን ድንጋይ ፊቱን ወደ ላይ አድርጋችሁ ፊደሉ ላይ አስቀምጡት። በመካከሉ ጽሑፉ ከተነበበ አቆራረጡ ጠፍጣፋ ነውና ብርሃን በሥሩ ያመልጣል፤ እንደ መስኮት ክፍት ሆኖ ይታያል። በተቃራኒው ታችኛው ክፍሉ ሆድ የወጣ ከሆነ፣ ቆራጩ ክብደት እንዳይቀንስበት ትቶታል ማለት ነው። ያ ሆድ ከላይ አይታይም፤ ዋጋው ግን ይከፈልበታል።

ስለ ክብደት ካነሳን አንድ የተለመደ ግራ መጋባት እናንሳ። የወርቅ ካራትና የድንጋይ ካራት አንድ አይደሉም። 18 ካራት ወርቅ ስንል ከ24 እጅ 18ቱ ወርቅ ነው ማለታችን ነው፤ ጥራትን ይለካል። የድንጋይ ካራት ግን ክብደት ነው፤ 1 ካራት 0.2 ግራም ነው፤ 5 ካራት 1 ግራም ይሆናል። «18 ካራት የሰንፔር ቀለበት» የሚል ደረሰኝ ስለ ድንጋዩ አንድም ነገር አልተናገረም። ደግሞ ባለ 2 ካራት ድንጋይ ዋጋው የባለ 1 ካራቱ እጥፍ ነው ብለን ማስላት የለብንም። ትልቅ ድንጋይ ብርቅ ስለሆነ የአንዱ ካራት ዋጋ ራሱ ያድጋል።

ስለ አገር ስም

«የካሽሚር ነው፣ የበርማ ነው፣ የሲሎን ነው» የሚለው ቃል ዋጋ ያስጨምራል። የካሽሚሩ ጥንተ ቦታ የተገኘው በ1881 ገደማ ሲሆን ዋናው ምርቱ በጥቂት ዓመታት አልቋል። ስለዚህ በመንገድ ዳር ሱቅ የካሽሚር ሰንፔር የሚያቀርብልንን ሰው ፈገግ ብለን ማለፍ ነው። ስሪላንካ ግን ዛሬም ትሰጣለች። ኢብን በጡጣ በ1344 ደሴቲቱን ሲጎበኝ ስለ ያቁቷ ጽፏል፤ በቤሩዋላ ከተማ ያሉ ሙስሊም ነጋዴዎችም እስከ ዛሬ በዚሁ ንግድ የታወቁ ናቸው። ከ1998 ወዲህ ደግሞ የማዳጋስካሯ ኢላካካ ከፍተኛ መጠን ለገበያ አቅርባለች።

ከእኛም አገር ይወጣል። በትግራይ ከአክሱም ሰሜን ምዕራብ በጭላ አካባቢ በ2016 መጨረሻ የተገኘው ሰንፔር በ2017 የዓለም ገበያ ውስጥ ገባ። ከባዛልት ዐለት ጋር የተያያዘ በመሆኑ ብረት ይበዛበታል። ስለዚህ ጠቆር ያለ ሰማያዊ፣ አረንጓዴና ቢጫም አለው፤ ሁለት ቀለም በአንድ ድንጋይ የተጋራበትም አይጠፋም። ያገራችን ስለሆነ ብቻ ንጹሕ ነው ወይም እሳት አልነካውም ማለት ግን አይደለም። ሦስቱ ጥያቄዎች ለጭላውም እንደ ሲሎኑ ይጠየቃሉ። ሲጠቃለል በእጅ ያለው ቀለም ከአገር ስም ይቀድማል። ስሙ ገንዘብ የሚያስጨምር ከሆነ ደግሞ የላቦራቶሪ ወረቀት ይቅረብበት።

ስለ ወረቀቱ

ሻጩ ራሱ ያተመው ካርድ የምስክር ወረቀት አይደለም። ምስክር የሚሆነው በሽያጩ ጥቅም የሌለው ሦስተኛ ወገን ነው። በዓለም ላይ የአሜሪካው ጂ.አይ.ኤ፣ የስዊዘርላንዶቹ ጉቤሊንና ኤስ.ኤስ.ኢ.ኤፍ የታወቁ ናቸው። ወረቀታቸው ድንጋዩ ተፈጥሯዊ መሆን አለመሆኑን፣ ክብደቱንና ልኩን፣ እንዲሁም የሙቀት ወይም የሌላ ሥራ ምልክት መኖር አለመኖሩን ይናገራል። ዋጋ ግን አይተምንም። ወረቀቱን ስንቀበል ቁጥሩን በተቋሙ ድረ ገጽ ላይ ማየት፣ ልኩና ክብደቱ ከድንጋዩ ጋር መግጠሙን ማመሳከር ይገባል። እውነተኛ ወረቀት ከሌላ ድንጋይ ጋር ማዛመድ የቆየ ማታለያ ነውና። ለትንሽና ለርካሽ ድንጋይ የላቦራቶሪ ወጪ አያዋጣም። ያኔ የሚቀረን ደረሰኙ ነው። ደረሰኙም «ተፈጥሯዊ ሰንፔር፣ ይህን ያህል ካራት፣ ሙቀት የነካው (ወይም ያልነካው)፣ ቀለም ያልሰረጸበት፣ ብርጭቆ ያልተሞላ» ብሎ በቃል ሳይሆን በጽሑፍ ይናገር። ይህን ለመጻፍ የሚያቅማማ ሻጭ መልሱን ሰጥቶናል።

ሸሪዓውስ?

ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) በገበያ ሲያልፉ እጃቸውን እህል ክምር ውስጥ አስገብተው ከሥሩ እርጥብ ሆኖ ስላገኙት፣ ነጋዴው እርጥቡን ለምን ከላይ አድርጎ ለሰው እንዳላሳየ የጠየቁበትን ሐዲስ የማያውቅ ሙስሊም ነጋዴ የለም። ብርጭቆ የተሞላ ሰንፔር ያው እርጥብ እህል ነው። ጉድለቱ ተደብቆ የተሸጠለት ሰው ዑለማዎች ኺያሩል ዐይብ በሚሉት መብት የመመለስ ምርጫ አለው። ከዚህም ሌላ ገዢው ገና ሲገዛ «አስመርምሬ ያልከው ካልሆነ እመልሳለሁ» ብሎ ቀን መወሰን ይችላል። የሻፊዒይና የአቡ ሐኒፋ መዝሀብ ይህን የምርጫ ጊዜ ከ3 ቀን አያሳልፉትም፤ የሐንበሊ ዑለማዎች ግን ተዋዋዮቹ የተስማሙበት ቀን ድረስ ይፈቅዳሉ። በገበያ ላይ ገዢ መስሎ ቀርቦ «እኔ ከዚህ በላይ እከፍላለሁ» እያለ ዋጋ የሚያስወድደው የሻጭ ዘመድም ሥራው ነጅሽ ነው፤ የተከለከለ ነው። በድንጋይ ገበያ ይህ ሰው ሁልጊዜ አይጠፋም።

አንዳንድ ሻጮች ደግሞ ሰንፔሩ ሪዝቅ ይስባል፣ ቡዳ ይመልሳል፣ ለተወለድክበት ወር ይስማማሃል እያሉ በዋጋው ላይ ይጨምራሉ። ዑመር ኢብኑል ኸጧብ (ረ.ዐ.) ለሐጀረል አስወድ እንኳ የማይጎዳና የማይጠቅም ድንጋይ መሆኑን እንደሚያውቁ ተናግረው ነበር የሳሙት። እኛ ታዲያ ለጣት ጌጥ ይህን ጭማሪ ስለምን እንከፍላለን? ወንዶች ድንጋዩን በወርቅ ሳይሆን በብር ያሳስሩት። በሙስሊም ዘገባ ከአነስ (ረ.ዐ.) እንደተላለፈው የነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ቀለበት ከብር ሆኖ ፈርጡ ሐበሻዊ ነበር፤ ዑለማዎችም ከሐበሻ አገር የሚመጣ ዓቂቅ ወይም መሰሉ እንደሆነ ገልጸውታል።

ወደ ሽምግልናችን እንመለስ። ታላቅ ወንድም ደረሰኙን በፎቶ ላከልን። በላዩ የተጻፈው «የወርቅ ቀለበት ከሰማያዊ ድንጋይ ጋር» የሚል ብቻ ነበር፤ ከዚያ በታች ግራምና ዋጋ። ሰንፔር የሚል ቃል የለበትም። ሻጩ ሰንፔር ያለው በአፉ ነው። ወርቅ ሠሪው ነጻ ወጡ፤ ወጣቱም ይቅርታ ጠየቃቸው። ሙሽሪት ነገሩ ሲነገራት፣ መህሯ በወርቁ ክብደት እንዲሆንና የድንጋዩ ቦታ እንዲደፈን ፈለገች። አዛውንቱ ቦታውን በራሳቸው ወርቅ ደፍነው፣ ግራሙን መዝነው፣ ሒሳብ ሳይቀበሉ በደረሰኝ ጽፈው ሰጧት።